ዳፍንቱ የዘር ሲሆን፦ የአንባቢያን ጥያቄና የዓይን ዓምድ መልስ

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱንን ደብዳቤዎች ሰብስበናል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ዘር የሬቲና በሽታ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሽ አያይም። አሁን በቀን እንኳ ከጎኑ የሚመጣ ሰው አይታየውም፤ በር ሲገባ ትከሻው መቃኑን ይመታል። ባሕር ዳር ተመርምሮ «ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ነው፣ መድኃኒት የለውም» ተባልን። እኔ ደግሞ የዓይንን ሕዋስ ከሞት የሚጠብቅ ሕክምና ተገኘ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ የት ይገኛል? *መምህር፣ ከቡሬ*

መልስ፦ ሁለቱም የሰሙት ነገር እውነት አለው። የወንድምዎን በሽታ የሚያቆም፣ ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት ዛሬ የለም። ሕዋሱን ለማቆየት የሚደረገው ምርምር ግን ባዶ ወሬ አይደለም። ምኑ እንደሚጠበቅ ለመረዳት ከሕዋሱ መነሣት ይሻላል።

ሬቲና በዓይን ኳስ የኋላ ግድግዳ ላይ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባዮች አሉት። ሮድ የሚባሉት ወደ 120 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ በድንግዝግዝ የምናየው፣ በጎን የሚመጣውን የምናስተውለው በእነሱ ነው። ኮን የሚባሉት 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ፊደል የምናነበው፣ ቀለም የምንለየው፣ የሰው ፊት የምናውቀው በኮን ነው። ይህን በሽታ የሚያመጡ ከ80 የሚበልጡ ጂኖች ይታወቃሉ፤ በአንድ ቤተሰብ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጉድለቱ በአብዛኛው የሮዱ ስለሆነ ቀድሞ የሚሞተው ሮድ ነው፤ ዳፍንቱም ያኔ ይጀምራል። ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጉድለቱ የማይነካቸው ኮኖችም ዓመታት ቆይተው ተከትለው ይሞታሉ።

አንዱ ምክንያት የኦክስጅን መትረፍረፍ ነው። መራዊ አካባቢ ያለ ሰው በቆጋ መስኖ ሊያስበው ይችላል። ብዙ ውኃ የሚጠጣው ማሳ ሰብሉ ቢደርቅበትና ቦዩን የሚዘጋ ባይኖር፣ ውኃው በተረፈው ማሳ ላይ ይተኛል፤ ሰብሉም ሥሩ ይበሰብሳል። ከሬቲና ሥር ያለው የደም ሥር መረብ እንዲህ ያለ ቦይ ነው። ኦክስጅኑን በብዛት የሚፈጁት ሮዶች ሲሞቱ አቅርቦቱን አይቀንስም፤ የተረፈውም ኦክስጅን ኮኖቹን እንደ ብረት ያዝጋቸዋል።

ሌላው ረሃብ ነው። ጤነኛ ሮድ ኮንን የሚያቆይ ፕሮቲን ያመነጫል። ይህን ፕሮቲን ፓሪስ ይሠሩ የነበሩት ሆዜ አላን ሳሄልና ቲዬሪ ሌቬያር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ለይተው አሳወቁ። ሥራው ምን እንደሆነ ደግሞ በ2015 ታየ፤ ኮኑ ስኳር ወደ ውስጥ እንዲያስገባ ይረዳዋል። ሮዱ ሲሞት ፕሮቲኑም ይቋረጣል፤ ኮኑ ስኳሩ ደጁ ላይ እያለ ይራባል።

ጥበቃ የሚባለው ሕክምና እንግዲህ ወይ ዝገቱን ወይ ረሃቡን ይይዛል። ይህንኑ ፕሮቲን የሚያስመርት ጂን በቀዶ ሕክምና ከሬቲና ሥር የማስገባት ሙከራ በ2023 በሰው ላይ ተጀምሯል። ትልቁ ተስፋ የተበላሸው ጂን የትኛውም ይሁን ሊሠራ መቻሉ ነው። ለዝገቱ የሚሞከረው አሴቲልሲስቴይን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ የሚቀጥለው ደብዳቤ ስለሚጠይቅ እዚያ እንመለስበታለን። ሦስተኛው መንገድ ሕዋስን የሚያበረታ ፕሮቲን የምታመነጭ፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም እንክብል በዓይን ውስጥ መትከል ነው። ይህቺ እንክብል ማኩላር ቴላንጂየክታሲያ ለሚባል ሌላ የሬቲና በሽታ በመጋቢት 2025 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዳለች። በሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ስትሞከር ግን እይታን አላሻሻለችም። «ተፈቀደ» የሚለውን ዜና ሲሰሙ ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከእነዚህ ተለይቶ መታየት ያለበት የተበላሸውን ጂን የሚተካው ሕክምና ነው። ለክስተርና የሚባለው በታኅሣሥ 2017 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን አርፒኢ65 የተባለው ጂን ለተበላሸባቸው ብቻ ነው፤ ዋጋውም ለአንድ ዓይን 425,000 ዶላር ነበር። እሱም ቢሆን በሕይወት ያለ ሕዋስ ይፈልጋል። ከላይ ካነሣናቸው አንዱም የሞተ ሕዋስ አያስነሣም።

ወንድምዎ ዛሬ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ማድረግ ነው። የመጀመሪያው የበሽታውን ዓይነት ማጣራት ነው፤ ከዚህ የበሽታ ዘር ውስጥ ጥቂቶቹ ሕክምና አላቸውና። ዳፍንቱ ሽታ ካለመለየትና እግር ከመደንዘዝ ጋር ከመጣ ሬፍሰም የሚባለው ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ምግብ ነው፤ ቅቤ፣ ወተትና የበግ ስብ ይከለከላሉ፣ ለዚህ ሰው ቅቤ መርዝ ነውና። ከሕፃንነት ጀምሮ ቅባት ያለው ተቅማጥ የነበረበት ሰው ደግሞ ቫይታሚን ኤ እና ኢ በሐኪም ቁጥጥር ይሰጠዋል። ሐኪሙ ካልተነገረው ስለ ሽታና ስለ ተቅማጥ ላይጠይቅ ስለሚችል እርስዎ ይንገሩት። ሁለተኛው መነሻ መረጃ ማስቀመጥ ነው፦ የእይታ ስፋት ምርመራ፣ ኦሲቲ የሚባለው የሬቲና ፎቶ፣ የሚቻል ከሆነ የጂን ምርመራ። ለጂኑ ምርመራ ትንሽ ደም ወይም ምራቅ ይበቃል፤ ናሙናው ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ነው የሚላከው። ወረቀቶቹን በአንድ ላስቲክ አድርገው ያስቀምጡ። ነገ ሙከራ ቢከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው የጂኑ ስምና የበፊቱ ውጤት ነው።

ሲጋራ ካለ ይቅር። ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰደውን ሲልደናፊል ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ፤ መድኃኒቱ የሚነካው ኢንዛይም ሬቲናም ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ አሴቲልሲስቴይን ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኪኒን ሆኖ ፋርማሲ ይሸጣል፣ ለአክታ ነው ይላሉ። ለሬቲናም ይጠቅማል ከተባለ ለምን አልጀምረውም? ቫልፕሮይክ አሲድም ይረዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። *ከፍኖተ ሰላም*

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ያው ነው። አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የተመራና በ2020 የታተመ የመጀመሪያ ሙከራ ላይ 30 የሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ታካሚዎች ለ24 ሳምንት ወስደውት እይታቸው በጥቂቱ ተሻሽሎ ታይቷል። ነገር ግን ባዶ ኪኒን የወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ሰው በተደጋጋሚ ሲፈተን ሰሌዳውን ይለምደዋል፤ መሻሻሉ የመድኃኒቱ ይሁን የልምዱ አይለይም። ስለዚህ በ2023 ትልቁ ሙከራ ተጀመረ። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በሜክሲኮና በአውሮፓ 438 ሰው እንዲያቅፍ የታቀደ ሲሆን ከሦስት ሁለቱ እውነተኛውን፣ ሌላው ባዶውን ይወስዳል፤ ክትትሉ 45 ወር ነው።

የሚሰጠው 1,800 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በ600 ሚሊ ግራም ኪኒን ሲሰላ በቀን 6፣ በ45 ወር ደግሞ ከ8,200 ፍሬ በላይ ይሆናል። ለአክታ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ በቀን 600 ነው፤ በዚያ መጠን ወስዶ «ሞከርኩት» ማለት አይቻልም። የሚሟሟው ኪኒን ደግሞ ሶዲየም አለው፤ በቀን 6 ፍሬ ማለት ለደም ግፊት ታማሚ ጨው መጨመር ነው። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የተለመዱ ናቸው፤ አስም ያለበት ሰው ሊታፈን ይችላል፤ ለልብ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ግፊቱ ሊወርድበት ይችላል። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለው ሽታ ግን ከድኙ ነው፤ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

በእኛ አስተያየት በራስዎ ገዝተው አይጀምሩት። ገንዘቡ ለዓመታዊው ኦሲቲ ቢውል ይሻላል።

ቫልፕሮይክ አሲድን ይተዉት። በ2018 የታተመው በባዶ ኪኒን የተነጻጸረ ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። ለሚጥል በሽታ ታዝዞለት የሚወስደው ሰው ግን ይህን አንብቦ እንዳያቋርጥ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሳነብ ቃሉ መሀሉ ይጠፋብኛል። ስታርጋርት ተብያለሁ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ጠንካራ ቫይታሚን ኤ ልካልኛለች፤ ልጀምር? *ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ አይጀምሩ። ስታርጋርት የሬቲናን መሀል የሚያጠቃ የዘር በሽታ ነው፤ በእሱ የሚበላሸው ኤቢሲኤ4 የተባለው ጂን ሥራው ቫይታሚን ኤ ብርሃንን ካገለገለ በኋላ የሚተወውን ዝቃጭ ማጽዳት ነው። ጽዳቱ በቆመበት ቤት ላይ ቫይታሚን መጨመር ዝቃጩን ማብዛት ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ እንቁላል እንደ ወትሮው ይብሉ፤ የተከለከለው ኪኒኑ ነው። የብልቃጡን ጀርባ ያንብቡ፤ ሬቲኖል ወይም ሬቲኒል ፓልሚቴት የሚል ካለበት ይቅር። «መልቲ ቫይታሚን» የተባሉት ውስጥም ይገኛል።

ለሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳም ቢሆን ነገሩ ተቀይሯል። በ1993 የታተመ የቦስተን ጥናት በቀን 15,000 ዩኒት በሽታውን ያዘገያል ብሎ ስለነበር ብዙ ሐኪም ያዝዝ ነበር። መረጃው ከጂን ውጤት ጋር በኋላ እንደገና ሲተነተን ግን ጥቅሙ አልተገኘም። ያው ጥናት በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ጉዳት ሊኖረው እንደሚችል ማሳየቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ከፍተኛ ቫይታሚን ኤ ደግሞ ጽንስን ያጎድላል፣ ጉበትንም ይጎዳል።

ለንባቡ፦ ቃሉን ፊት ለፊት ከማየት ይልቅ ትንሽ ከፍ ወይም ወደ ጎን እያዩ፣ ጤነኛው የሬቲና ክፍል ላይ የሚያርፍበትን አቅጣጫ ይፈልጉ። መጀመሪያ ያደክማል፤ በቀን 15 ደቂቃ ለሳምንታት ሲለማመዱት ይለመዳል። የፈተና ወረቀት በትልቅ ፊደል እንዲታተምና ጊዜ እንዲጨመርልዎ የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ፈተናው ሳይደርስ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ካለፈው ክረምት ወዲህ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚገባው። አያቱ ዳፍንት ነው ብላ ጉበት ታበላዋለች። የዘር ይሆን ብዬ ፈራሁ። *እናት፣ ከሞጣ*

መልስ፦ አያቱ ልክ ናቸው፤ ጉበት ቫይታሚን ኤ የተከማቸበት ነው። ጉበቱ ብቻ እስኪያሽለው ግን አይጠበቅም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

እስከዚያው ልጁን ወደ ብርሃን አዙረው ዓይኑን ይመልከቱ። ከጥቁሩ ክፍል ወደ ጆሮ ወገን ባለው ነጭ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ፣ ሲጠርጉት ተመልሶ የሚመጣ ነጠብጣብ ካለ፣ ወይም ነጩ ደረቅና የተጨማደደ ከሆነ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። በቅርቡ ኩፍኝ ወይም የቆየ ተቅማጥ ከነበረበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጥቁሩ ክፍል ላይ ጉም ካዩ ወይም ልጁ ብርሃን ፈርቶ ዓይኑን ካልከፈተ ሌሊቱም ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ፤ ብሌኑ ፊት ያለው መስታወት ሊቀልጥ ይችላል።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ በዕለቱ 200,000 ዩኒት፣ በማግሥቱ ያንኑ ያህል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛ። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በእያንዳንዱ ጊዜ ግማሹ፣ ከ6 ወር በታች ሩቡ ነው። ቀዩ እንክብል 200,000፣ ሰማያዊው 100,000 ይይዛል፤ ጫፉ ተቆርጦ ዘይቱ አፍ ውስጥ ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ልጁ በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ሦስተኛው መጠን ይረሳል። በየስድስት ወሩ በዘመቻ የሚሰጠው እስከ 59 ወር ለሆኑ ልጆች ስለሆነ የእርስዎ ልጅ አልፎታል።

በጥቂት ቀናት ከተሻለው የዘር አይደለም ማለት ነው። ሦስቱን ወስዶ ምንም ለውጥ ከሌለ የዓይን ሐኪም ሬቲናውን ማየት አለበት። በጾም ወራት የቤቱ ሰው እንቁላልና ወተት ቢተውም 6 ዓመት ለጾም ስላልደረሰ ለልጁ ይስጡት። ዱባ፣ ማንጎ፣ ካሮትና ጎመን ጥሩ ናቸው፤ ያለ ዘይት ግን ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። ታዲያ የዘር በሽታ ከየት መጣ? ታናናሾቹንስ እንዴት እንወቅ? *ከደጀን*

መልስ፦ ሰባት ቤት መቁጠሩ ጠቃሚ ልማድ ነው። ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን የመሸከም ዕድላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ከሁለት ተሸካሚ የሚመጣውን በሽታ ያሳንሰዋል። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ሰዎችም ግን ያንኑ ጂን ሊሸከሙ ይችላሉ፤ በሰባተኛው ቤት ዝምድናው ይቀራል እንጂ ጂኑ አይቀርም። ከእንዲህ ያሉ ወላጆች ለሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚተላለፍ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ከ2 አንድ ነው፣ በየትውልዱም ይታያል። ሦስተኛው በእናት በኩል ነው። የታመመው የእናት ወንድም ከሆነ፣ እናቲቱ ራሷ እያየች ለወንዶች ልጆቿ ግማሽ ዕድል ታስተላልፋለች፤ ከሴቶቹም ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ። በዚህኛው ዓይነት የታመመ አባት ለወንድ ልጁ አያወርስም። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የአጎቶችንና የአያቶችን ነገር አጣርተው ይሂዱ።

ታናናሾቹን ቤት ውስጥ እንዲህ ይፈትሹ። ልጁን ከእርስዎ ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል አርቀው ያስቀምጡት። እሱ ቀኝ ዓይኑን፣ እርስዎ ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑ። ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ፣ ጣትዎን በሁለታችሁ መካከል ባለው ርቀት ላይ ከሩቅ ጎን እያንቀሳቀሱ ወደ መሀል ያምጡት፤ ሲታየው «አየሁ» ይበል። በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ ይድገሙት፣ ከዚያ ዓይን ይቀይሩ። እርስዎ አይተውት እሱ ደጋግሞ የሚዘገይ ከሆነ የጎን እይታው ጠብቧል። ልጆች ዓይናቸውን ወደ ጣቱ ስለሚያዞሩ ፈተናው የሚበላሸው በዚያ ነው፤ ዓይኑን አትልቀቁት። ጆሮው የሚከብደው ልጅ ካለ በተለይ ይመርመር፤ ደንቆሮነትና ዳፍንት አብረው የሚወረሱበት አሸር የሚባል ዓይነት አለ።

ለምርመራው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግ ለ4 እስከ 6 ሰዓት እይታው ይደበዝዛል፤ መላሽ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ጠበል እየተጠመቅሁ የዓይን ጠብታዬን ልቀጥል? *ከቢቸና*

መልስ፦ ይቀጥሉ። ጠብታው ከመጠመቅ በኋላ ዓይንዎ ሲደርቅ ይሁን፤ ቀድሞ ከተደረገ ይታጠባል። በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድለት በዓይኑ ውኃ አያስገባ። የቅጠል ጭማቂ ለማንም ዓይን አይሆንም።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፣ ባጃጅ እነዳለሁ፣ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ አለብኝ። ሐኪሙ ዶርዞላማይድ የሚባል የዓይን ጠብታ ሰጠኝ። ጎረቤቴ «ይህ የግላኮማ ነው፣ ተሳስተዋል» አለኝ። *ከዳንግላ*

መልስ፦ አልተሳሳቱም። በዚህ በሽታ የሬቲናው መሀል፣ ማኩላ የሚባለው፣ ውኃ ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል፤ ያኔ ማንበብም ፊት መለየትም ይከብዳል። ዶርዞላማይድ ውኃው እንዲመጠጥ ይረዳል። የጠፋውን የጎን እይታ ባይመልስም እብጠቱ የወሰደውን ሊመልስ ይችላል። የዓይን ሞራም በዚህ በሽታ ቀድሞ ይመጣል፤ ማኩላው ጤነኛ ከሆነ ሞራው መወገዱ ይጠቅማል።

ፋርማሲው ዶርዞላማይድ ብቻውን ካጣ ከቲሞሎል ጋር የተቀላቀለውን ሊሰጥዎ ይችላል። አስም ካለብዎ ወይም የልብ ምትዎ ዝግ ያለ ከሆነ አይቀበሉ፤ ቲሞሎሉ ያባብሰዋል። ጠብታው የማይበቃ ሆኖ የአሴታዞላማይድ ኪኒን ከተጨመረ ጣት መንዘርና የለስላሳ መጠጥ ጣዕም መቀየር የተለመደ ነው፤ የኩላሊት ጠጠር ወይም የሰልፋ አለርጂ ካለ ግን አስቀድመው ይናገሩ።

ብዙ ሰው ጠብታው አልሠራልኝም የሚለው ጉንጩ ላይ እያፈሰሰው ነው። እጅዎን ይታጠቡ፤ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው ኪስ ያብጁ፤ የብልቃጡ ጫፍ ዓይንና ሽፋሽፍት ሳይነካ አንድ ጠብታ ብቻ ይጣሉ። ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ ይጫኑት፤ ያለዚያ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ይመርርዎታል። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይቆዩ። ብቻውን ሲታዘዝ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። እብጠቱ መቀነሱ የሚታወቀው በኦሲቲ ስለሆነ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተመልሰው ይታዩ። ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይራል።

ባጃጁን በተመለከተ፦ ከመግሪብ በኋላ አይንዱ። በቀን ለመንዳትዎ የእይታ ስፋትዎ ውጤት ይወስናል። ፊደሉን እስከ ታች ማንበብዎ አይበቃም፤ የሚያስቸግረው ከቀኝ በኩል ድንገት የሚገባው አህያ ነው።